ለበጎ ነው

በአገራችን ከልቅሶ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ደጃፍና ከሆስፒታል አግዳሚ ወንበር የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «ለበጎ ነው»። ልጅ ፈተና ሲወድቅ ለበጎ ነው። የተቆረጠ ሠርግ ሲፈርስ ለበጎ ነው። ቤት ከነዕቃው ሲቃጠል እንኳ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለበጎ ነው» ማለቱ አይቀርም። ቃሏን ለማጣጣል አይደለም የተነሣሁት። በእሷ ተደግፎ ክፉ ሌሊት ያነጋ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ነገር ግን ይህችን ቃል አንድ ጊዜ በገዛ እጄ በቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሬያታለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከአፌ ልትወጣ ስትል ትተናነቀኛለች። ለምን እንደምትተናነቀኝ ለራሴም በቅጡ ለመረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። አባቴ የስማዳ ሰው ነበሩ። ስማዳ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ከጋይንትና ከእስቴ ጎን የተቀመጠ፣ ወደ ደቡብ የዐባይን፣ ወደ ምሥራቅ የበሽሎን ገደል ቁልቁል የሚያይ አገር ነው። ዝናብ ሲሰጥ ያበላል፤ ዝናብ ሲቀር ግን ደጋውም ቆላውም አንድ ላይ ይከዳል። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ ስሙ በየቤቱ የሚታወቅበት አገር ነው። አዲስ አበባ የምንኖር የአንድ ደብር ተወላጆች አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰባስበን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አቋቋምን። ጸሐፊው እኔ ሆንኩ።

የተነሣንበት ምክንያት ሲሰሙት መልካም ነበር። የአባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ ሣር ክዳን፣ ግድግዳዋ ድንጋይና ጭቃ የሆነ አሮጌ ነበረች። ክረምት በገባ ቁጥር ታፈሳለች፤ በአንድ ወገን ግድግዳዋ ተሰንጥቋል። በጎረቤት ደብር ደግሞ ባለ ጉልላት የብሎኬት ሕንፃ ተሠርቶ ጉልላቱ ከሩቅ ያብረቀርቃል። እውነቱን ለመናገር ከሚያፈሰው ክዳን ይልቅ የጎረቤቱ ጉልላት ነው እንቅልፍ የነሣን። ይህን ያኔ ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልጻፍኩትም።

ቤቷን ያየልን ባለሙያ «ትጠገናለች፤ ክዳኗን ለውጡ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ደግፉ» ብሎን ነበር። ምክሩ በሦስተኛው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። ከሥሩ «ኮሚቴው አመስግኖ አልፎታል» ይላል። ጽሕፈቱ የኔ ነው። በ2007 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰች። ታቦቱ በቆርቆሮ ወደ ተሠራች መቃኞ ገባ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሸማ ተለጥፎ የኖረው ሥዕል ሲነሣ አብዛኛው ተቀደደ። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባሯ የተደፋች አንዲት ባላገር ሴት ተሥላ ነበር። ሥዕሉን ያሠራችው እሷ ነበረች፤ የክርስትና ስሟም ከአጠገቧ ተጽፎ ነበር። ዛሬ ከእሷ የተረፈው ከነጠላዋ ጫፍ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ዝናብ ቀረ። ኤልኒኖ ያመጣው ድርቅ የአገሪቱን ብዙ ክፍል ያዳረሰበት ዓመት ነው። «በመኸር አንድ አንድ ቁና እናዋጣለን» ያለው ምእመን ራሱ የርዳታ ስንዴ ተሰልፎ ተቀበለ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋም ከገመትነው በላይ ሆነብን። እኛ ደግሞ ገንዘቡ ሳይሞላ መሠረት አውጥተን፣ ዓምድ ማቆም ጀምረን ነበር። ዓምዶቹ የሰው ቁመት ያህል ከፍ እንዳሉ ቀሩ። ከአናታቸው የወጣው ብረት ዝጎ፣ በዝናብ ጊዜ በሲሚንቶው ላይ ቀይ ዕንባ የመሰለ መሥመር ያወርዳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ኮሚቴው ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን፣ ቅን ሰው ናቸው፣ ተነሥተው «እግዚአብሔር ጊዜው ነው አላለም፤ የሱን ዓላማ እኛ አናውቅም፤ ለበጎ ነው» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ስንል በትከሻችን ላይ የነበረ ሸክም ሲወርድ ተሰማኝ። «ሥራው በእግዚአብሔር ፈቃድ ለጊዜው ቆሟል፤ ለበጎ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም ፈረሙ።

ያንን ወረቀት ለሰበካ ጉባኤው እንዳነብ ተላክሁ። በመቃኞዋ ጥላ ሥር ሰዎቹ ተቀመጡ፤ አነበብኩ። ሁሉም ዝም አሉ። ከዳር የተቀመጡት አሮጌው መሪጌታ ብቻ «እስቲ መጨረሻዋን ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩ።

«ልጄ፣ ጽሕፈትህ መልካም ነው» አሉኝ። «ግን ስታፈርሱ የናንተን ስም ጻፋችሁ፤ ሲቆም የእግዚአብሔርን ስም ጻፋችሁ። እሱ በየትኛው ስብሰባችሁ ላይ ተገኝቶ ነው?»

«የኔታ፣ እኛ እኮ ክፉ አላሰብንም» አልኩ።

«ክፉ አሰባችሁ መች አልኩ? አልቆጠራችሁም ነው የምለው።»

በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ላይ ጌታ ግንብ ሊሠራ ተነሥቶ ወጪውን ቁጭ ብሎ ስላላሰላ ሰው የተናገረው ምሳሌ ትዝ አለኝ። መሠረቱን ጥሎ መጨረስ ያቃተው ሰው በመንገደኛ ይሳቅበታል። እዚያ ምሳሌ ውስጥ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ሳይሆን ቀርቶ ነው» የሚል የለም። አልቆጠረም፤ በቃ።

የዚያን ዕለት ሌሊት ያልገባኝ ነገር ቀስ በቀስ ገባኝ። አንድ ነገር ሲበላሽ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው «ማን አጠፋ?» ነው። ሁለተኛው «ከጥፋቱ እግዚአብሔር ምን ያወጣል?» ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ያደረግነው ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ የሁለተኛውን መልስ መስጠት ነው። «ማን አጠፋ?» ስንባል «ለበጎ ነው» አልን። እንዲህ ሲሆን እምነት የሚመስለው ነገር እምነት አይደለም፤ መሸሸጊያ ነው።

ከስማዳ ስመለስ በጋይንት በኩል ዞሬ ቤተ ልሔምን አየሁ። የቤተ ክህነት ትምህርት የሚያውቅ ሰው ቤተ ልሔም ሲባል የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን ያውቃል። በዚያው በጋይንት ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ቤት ነው። የእስቴዋ ቆማ ደግሞ ከዜማ ስልቶች አንዱ በስሟ የሚጠራባት ናት። ሌላው ዓለም በረሃብ የሚያውቀው አገር በሊቃውንቱ ዘንድ የሚታወቀው በዜማ ነው።

ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በተካሄደው በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ ድጓም አብሮ ሊጠፋ ደረሰ። ቢፈለግ ታጣ። በኋላ በጋይንት ቤተ ልሔም ተገኘ፤ የቤተ ልሔም የምስክርነት ሥልጣንም የመጣው ከዚህ ነው ይላሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) ደግሞ በተድባበ ማርያም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት ከፊደሉ በላይ የሚቀመጠውን የዜማ ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነበር የሚተላለፈው። መምህሩ ከሞተ ዜማው አብሮት ይቀበራል። ጦርነቱ ይህን በግልጽ አሳየ።

ታዲያ «ጦርነቱ ባይመጣ ምልክቱ አይሠራም ነበር፤ ስለዚህ ለበጎ ነው» ማለት ይቻላል? ለረጅም ጊዜ ይህ አነጋገር ይማርከኝ ነበር። አሁን ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሊቃውንት ጥፋቱን «ለበጎ ነው» ብለው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ምልክት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። በጎው የመጣው ጥፋቱን ጥፋት ነው ብለው ስለ ደነገጡ ነው። ደንግጠው የቀረውን ሰበሰቡ፤ ሁለተኛ እንዳይጠፋም ምልክት አበጁለት። እግዚአብሔር በዚያ ውስጥ ዓላማ ነበረው ብዬ አምናለሁ። ዓላማው የተሠራው ግን በተደናገጡ ሰዎች እጅ ነው፤ በተጽናኑ ሰዎች እጅ አይደለም።

ቤተ ልሔም ሌላም ነገር አሳየችኝ። ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ማንኛዋም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት። ሲገቡ ግን ውስጧ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አራት ማዕዘን፣ እጅግ የቆየ፣ በጥንታዊ አሠራር የታነጸ። በኋላ የመጡት ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱትም። ዙሪያውን ሠርተው፣ እንደ እናት በነጠላ ሸፍነው አቆዩት። እኛ ባለ ጉልላት ፈላጊዎች ይህን ማሰብ አቅቶን ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ያቺን በግንባሯ የተደፋችውን ባላገር ሴት አስታወስኩ። ሥዕሏ ሲቀደድ «ለበጎ ነው» ያልነው እኛ ነን፤ እሷን የጠየቃት የለም።

ከዚያ ወጥቼ ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወሎ የሚሻገረውን አውራ ጎዳና ያዝኩ። በዚህ አቅጣጫ፣ በጨጨሆ ዳገት በኩል፣ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ አልፈዋል። የዚያ መድፍ ታሪክም የቤተ ክርስቲያን ዕቅድ የከሸፈበት ታሪክ ነው፤ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም።

በ1840ዎቹ መጨረሻና በ1850ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ወጣት ባለ እጅ ሚስዮናውያን ወደ አገራችን መጡ። ያሰናዷቸው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባትና አጋሮቻቸው ናቸው። ዕቅዱ ግልጽ ነበር። በቀን በእጃቸው እየሠሩ ይኖራሉ፤ በጎን በዐማርኛ የተተረጎመውን መጽሐፍ ቅዱስ ያድላሉ፤ ያስተምራሉ። ንጉሡ ግን ከመጽሐፋቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው። የሰላምን ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው አፈሰሱ። መንገድ እየተጠረገ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መድፉ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፤ ሚስዮናውያኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ።

ከእነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው። ሊባኖስ ገብቶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ። በስተእርጅናው ደግሞ በቤይሩት አጠገብ በአስፉሪዬ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ያ ሆስፒታል ለብዙ ሺህ ሰው መጠጊያ ሆኗል። ከብሩማና ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ለሚያይ ሰው መንገዱ ሁሉ ቀና ይመስላል፤ ጋፋት ባይከሽፍ አስፉሪዬ አይኖርም።

ከጋይንት ዳገት ላይ ቆሞ ለሚያይ ግን እንዴት ነው? በእነዚያ ዓመታት የበጌምድር ገበሬ እህሉ ተዘርፏል፤ ቤቱ ተቃጥሏል። የዚያ ገበሬ ልጅ በአስፉሪዬ አልታከመም። ለእሱ «የእግዚአብሔር ዓላማ በሊባኖስ ተፈጸመ» ብሎ የሚነግረው ሰው ምን ፊት ይኖረዋል? እዚህ ላይ ነው ቃሏ የምትተናነቀኝ። «ለበጎ ነው» ስንል ለማን በጎ እንደሆነ አንጠየቅም፤ ቃሏም አትናገርም።

አንባቢ ሆይ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የዚህ ቃል ባለቤት አለ፤ ዮሴፍ ነው። ወንድሞቹ ጉድጓድ ጣሉት፤ ሸጡት፤ በግብፅ ታሰረ፤ በኋላም ሹም ሆነ። በመጨረሻ ወንድሞቹ በፊቱ ተደፍተው ሲፈሩ፣ እነሱ ለክፉ ያሰቡትን እግዚአብሔር ለመልካም እንዳሰበው ነገራቸው። ታሪኩን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ልብ ያላልነው አንድ ነገር ነው፤ ይህን የተናገረው ዮሴፍ ነው። ወንድሞቹ አይደሉም።

እስቲ ይሁዳ ወይም ስምዖን በዮሴፍ ፊት ቆሞ «ወንድማችን፣ ባንሸጥህ እኮ ሹም አትሆንም ነበር፤ ለበጎ ነው» ሲል ይታሰባችሁ። ያው ቃል፣ ያው እውነት፣ ግን ስድብ ይሆናል። ወንድሞቹ ይህን አላሉም። እነሱ ያሉት፣ ገና ዮሴፍ መሆኑን ሳያውቁ፣ በወንድማችን ላይ በድለናል ነው። ይሁዳም በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ራሱን አቀረበ። የዮሴፍ ቃል የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተራውን የጠበቀ ነገር ነው፤ መጀመሪያ «አጥፍቻለሁ»፣ ቀጥሎ ካሳ፣ ከዚያ በኋላ ምናልባት፣ ከተጎዳው አፍ፣ «ለበጎ ነበር»። እኛ የኮሚቴ ሰዎች የዮሴፍን ቃል ሰርቀን በወንድሞቹ አፍ ተናገርነው።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ነገሩ የተቋጨ መስሎኝ ነበር። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ግን መጣ።

በዚያ ወር ጦርነቱ ጋይንት ደረሰ። የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ይዘው ቆዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ከዚያች ከተማ የተደፈሩ 16 ሴቶችን አነጋግሮ ቃላቸውን አስፍሯል። ከዚያ ወገን የሸሹ ቤተሰቦች ወደኛ ደብርም ደረሱ። መጠጊያ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ነበረ። ለሲሚንቶ ማስቀመጫ ብለን የሠራነው፣ ባዶውን የቆየ ሰፊ የቆርቆሮ መጋዘን። እናቶችና ልጆች ያን ክረምት እዚያ ውስጥ አደሩ። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርሰን ከኮሚቴው አባላት አንዱ ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አየህ! ለካ ለዚህ ኖሯል! ሕንፃው ቢያልቅ መጋዘኑ ይፈርስ ነበር እኮ!»

አንባቢ ይመነኝ፣ አሜን ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው፤ የከሸፈ ሥራችን ትርጉም አገኘ። ከዚያ ግን ሰውየውን «ለካ ለዚህ» የሚለው ቃል ወዴት እንደሚወስደው ልጠይቀው ፈለግሁ። የእኛ መጋዘን ሥራ ያገኝ ዘንድ ነፋስ መውጫ መነካት ነበረባት? የእኛ ቃለ ጉባኤ እውነት ይሆን ዘንድ እነዚያ ሴቶች መደፈር ነበረባቸው? እንዲህ የሚያስብ አምላክ እኔ የምጸልይለት አምላክ አይደለም። ዝም አልኩት። ቀጥዬ «ልብስና ብርድ ልብስ እንላክ» አልኩ። ላክን። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ መጋዘን ማለት የምችለው ይህን ብቻ ነው፤ ክፉ ቀን መጣ፤ መጠለያ ነበረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። «ስለዚህ» የሚለውን ቃል በሁለቱ መካከል አላስገባም።

«እንዲህማ ከሆነ የእግዚአብሔርን አሳብ ማየት አይቻልም ልትለን ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይደለም። ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል የሚለውን እኔም ከአባቴ ጋር አምናለሁ። ግን ዓላማ አለው ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው፤ ዓላማውን ደርሼበታለሁ ማለት ሌላ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስያ ሊሰብክ አሰበ፤ ተከለከለ። ወደ ቢታንያ ሊገባ ሞከረ፤ እንደገና ተከለከለ። የሐዋርያት ሥራ ለምን እንደ ተከለከለ አንድ ቃል አይነግረንም። ጳውሎስም ለምን እንደሆነ ሲመረምር ተቀምጦ አልቀረም። ወደ ጢሮአዳ ወረደ፤ በዚያ ሌሊት አንድ የመቄዶንያ ሰው በራእይ ታየው፤ ርዳን እያለ። ተነሥቶ ሄደ። የተዘጋው በር ትርጉም የተገለጠለት ርዳታ በሚፈልግ ሰው አምሳል ነው። እኔም ከዚህ ሌላ መንገድ አላውቅም። ዕቅድ ሲከሽፍ «ለምን?» የሚለው መልሱ ከኋላ ላይገኝ ይችላል። «አሁን ማን ይጠራኛል?» የሚለው ግን ሁልጊዜ ከፊት አለ።

በ2015 ዓ.ም. ከኮሚቴው የቀረነውን ጥቂት ሰዎች አንድ ነገር ለመንኩ፤ ያቺ የመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ትታረም። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «ስማችንን በገዛ እጃችን እናጥፋ?» ያሉ ነበሩ። ሰብሳቢያችን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ጻፈው» አሉኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሥራው የቆመው ዐቅማችንን ሳንመዝን፣ የባለሙያ ምክር ንቀን፣ ልትጠገን የምትችለውን ቤተ ክርስቲያን ስላፈረስን ነው። ምእመናኑን ይቅርታ እንጠይቃለን።» አምስታችን ፈረምን፤ ሁለት ሰዎች ሳይፈርሙ ወጡ።

ወረቀቱን ይዤ እንደገና ስማዳ ወረድኩ። የኔታ ዐይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም ለብቻዬ አላነበብኩላቸውም፤ ለሁሉም በመቃኞዋ ደጅ አነበብኩ። ይቅርታውን ተቀበሉ። ባለ ጉልላቱን ትተው፣ ከተጣለው መሠረት ላይ በአገሬው ድንጋይ በልካቸው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት እንደሚመክሩ ነገሩኝ። የነጠላዋን ጫፍ ቁራጭም አስቀምጠዋታል፤ ሲያልቅ መቅደሱ ላይ ትለጠፋለች።

ስሰናበታቸው የኔታን «ታዲያ የኔታ፣ ይህ ሁሉ ለበጎ ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱን ለኛ ተወው» አሉኝ። «የምንለው እኛ ነን።»